ፀሐይ የሞቀው ማሽን

«ማሽን አይዋሽም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ ይህን አመሌን ያውቁታል። ባንክ ቤት ወረፋ ደርሶን ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ «ሲስተሙ የለም ነው የሚለው» ስትል፣ ትልቋ ልጄ ቀድማ ክንዴን ትይዛለች። «እማዬ፣ በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ዝም በይ» ትለኛለች። ዝም እላለሁ። በሆዴ ግን አንድ ሰው አስባለሁ፤ ጅማ፣ ቡና መጋዘን በር ላይ፣ የቁልፍ ጠፍር አንገታቸው ላይ አጥልቀው የሚቆሙ ሽማግሌ።

ጊዜው ደርግ ያረጀበት ነው፤ እኛ ግን ማርጀቱን አናውቅም ነበር። አንድ የቡና መሥሪያ ቤት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ከሰርቦ፣ ከደዶ፣ ከየገበሬ ማኅበሩ የተገዛው ቡና እየተመዘነ ሲመጣ፣ እኔ እጀታዋ እየተጎተተ የምትሠራ የመደመሪያ መኪና ፊት ተቀምጬ ኪሎውን እደምራለሁ። አንድ ቀን አዲስ አበባ ካለው ዋናው መሥሪያ ቤት «ኮምፒዩተር ሊላክላችሁ ስለሆነ የሚሠለጥን ሰው ላኩ» የሚል ትእዛዝ መጣ። ሥራ አስኪያጃችን ሁላችንንም በዓይኑ ቃኝቶ እኔ ላይ ቆመ።

«አንቺ ሂጂ። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ» አለኝ።

«ኮምፒዩተሩ ባለትዳር አይወድም ማለት ነው?» አልኩት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሻንጣዬን አሰርኩና ሄድኩ።

እኔ አዲስ አበባ ስማር ማሽኑ ቀድሞኝ ጅማ ገባ። ሐምሌ ነበር። ሊቀመጥበት የታሰበው ክፍል ጣሪያው ያፈስሳል፤ ወለሉ ላይ ባልዲ ተደርድሯል። ስለዚህ ጣሪያው እስኪጠገን መጋዘን ይቆይ ተባለ። መጋዘን ማለት ደግሞ ሐጂ ማለት ነው።

ስማቸውን የሚጠራ ሰው አልነበረም። በጃንሆይ ጊዜ መካ ደርሰው የተመለሱ የጅሬን ሰው ናቸው፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ሆነው ያረጁ። ትልቅም ትንሽም ሐጂ ነው የሚላቸው። ሥራ አስኪያጁ እንኳ አንዴ በውይይት ክበብ ላይ «ጓድ ሐጂ» ብሎ ጀምሮ፣ ራሱም ሳቁ አምልጦት፣ ነገሩን ሳይጨርስ ተቀምጧል። እኔን «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አማርኛውና ኦሮምኛው ካፋቸው ተቃቅፎ ነው የሚወጣው። ጅማ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም፤ እኛ የሸዋ ልጆች የምንባለውም እንደዚያው ነበር የምናወራው።

ሐጂ አንድ ሕግ ነበራቸው። ጅማ ላይ ክረምት የከረመ ነገር ሁሉ ፀሐይ ካልሞቀ ይበላሻል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጫማውን አልጋ ሥር ረስቶ የከረመ ሰው መስከረም ላይ ሲያወጣው ጺም አብቅሎ ያገኘዋል። ቡና ደግሞ ከጫማ ይብሳል፤ አንድ ጆንያ ከሻገተ ሽታው መጋዘኑን ያዳርሳል። ስለዚህ ሰማዩ ትንሽ ፈካ ካለ ሐጂ በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱታል፤ የጆንያው አፍ ሁሉ ይፈታል፤ ግቢው ውስጥ ያለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የማይወጣ ነገር የለም። ሚዛኑ ይወጣል። የሂሳብ ክፍል አሮጌ ወረቀት ይወጣል። ለአብዮት በዓል መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ እንኳ ካልተፈለፈለው ደረቅ ቡና ጎን ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ማንም ምንም አይልም፤ ካልሞቀ ይሻግታላ!

ያንን ክረምት ግን አልጋው ላይ ሌላ ምን እንደወጣ እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ጥቅምት ላይ ተመለስኩ። ጣሪያው ተጠግኗል። ማሽኑ ከመጋዘን መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አንዷ ጸሐፊ ዳንቴል አልብሳዋለች። «ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሥራ እስኪያስጀምር ማንም እንዳይነካው» የሚል ትእዛዝ ስለነበረ፣ ያን ሁሉ ተምሬ መጥቼ እንደ ሙሽራ ዙሪያውን እየዞርኩ አየዋለሁ እንጂ አልነካሁትም።

ተቆጣጣሪው መጣ። ወጣት ነው፤ ከኔ ቢበልጥ በጥቂት ነው፤ ውጭ አገር የተማረ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። ዲስኬቱን ከቦርሳው አውጥቶ ከተተና ማሽኑን አበራ። ያ ፕሮግራም የገበሬውን ቡና መመዝገብ ከመጀመሩ በፊት፣ ያረፈበት ማሽን ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቃል። ሜሞሪህ ስንት ነው? የዲስኬት መክተቻህ ስንት ነው? ስክሪንህ ባለ ቀለም ነው ወይስ አይደለም? የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ዙሪያውን ሳያይ አይቀመጥም። መልሱ በአረንጓዴ ፊደል ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሜሞሪው መሆን ከሚገባው ግማሽ ብቻ ነው። ፕሮግራሙም «አይበቃኝም» ብሎ ቆመ።

ተቆጣጣሪው አጥፍቶ አበራው። ያው ነው። እንደገና አጥፍቶ አበራው። ያው።

«ይህንን ማሽን አዲስ አበባ ላይ እኔው ራሴ አብርቼ አይቼ ነው ያሸግኩት። ሙሉ ነበር» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ሁላችንንም አየን። «ማን ነው የከፈተው?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሰው ሁሉ ጫማውን ነው የሚያየው። እኔም ጫማዬን አየሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ ከበሩ በኩል።

«እርስዎ? ለምን?»

«ፀሐይ ላሙቀው ብዬ።»

«ምን?»

«ክረምቱ ከባድ ነበር። ከካርቶኑ ባወጣው ጀርባው ላይ ሻጋታ ጀማምሮታል። የጆንያ አፍ ካልተፈታ ውስጡ አይደርቅም፤ ይህም ያው ነው። የኋላ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁ፣ ክዳኑን አነሳሁ፣ አልጋው ላይ አወጣሁት። አቧራውን ጠረግሁለት፣ መልሼ ገጠምኩት። ይኸው ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የኔም ሳቅ መጥቶ ነበር። ተቆጣጣሪው ግን «ይሄ አሻጥር ነው» አለ፤ ሳቁ ሁሉ ባለበት ደረቀ። ያንን ዘመን ያልኖረ ሰው ይህቺ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ አያውቅም። ሰው ሰረቀ ቢባል ሰረቀ ነው፣ ታስሮ ይወጣል። አሻጥር ሠራ ከተባለ ግን የአብዮቱ ጠላት ነው፤ የት ገባ፣ መቼ ይወጣል ብሎ የሚጠይቅለት አይገኝም። የጠያቂውም ስም ይመዘገባልና።

ሐጂ ውሸት ቢችሉበት ኖሮ በዚያች ደቂቃ ይድኑ ነበር። «እኔ እንጃ» ቢሉ በቃ ነበር። እውነቱን ተናገሩ፤ እውነታቸው ደግሞ ከውሸት የባሰ ውሸት ይመስል ነበር። የመንግሥት ኮምፒዩተር ከፍቶ ከቡና ጋር የሚያሰጣ ማን አለ? የጅማን ክረምት ያልከረመ ሰው ይህንን በምን ያምናል?

ተቆጣጣሪው በማግሥቱ ሰርቦንና ደዶን ሊጎበኝ ይወጣል። «ስመለስ የጠፋው ሜሞሪ ካልተገኘ ጉዳዩን ለፖሊስ አስተላልፋለሁ» አለ። እስከዚያው ሐጂ ከሥራ ታግደው ቤታቸው እንዲቀመጡ፣ ጠዋት ጠዋት ቀበሌ እየወረዱ መኖራቸውን እንዲያሳዩ ተወሰነ። ቁልፉንም አስረክብ ተባሉ። ጠፍሩን ከአንገታቸው ሲያወጡ ኮፊያቸው አብሮ ወደቀ፤ እኔ አነሳሁላቸው። ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ተቀብሎ ወዲህ ወዲያ ሲያይ ሁሉም እጁን ሰበሰበ። መጨረሻ ላይ እኔ እጅ ላይ ጣለው። ጠፍሩ ገና ይሞቅ ነበር።

ተቆጣጣሪው ወደ ማረፊያው ሳይሄድ ማሽኑን ከፈትኩት። ሜሞሪ ማለት ጥቁር ቁራጮች ናቸው፣ ቺፕ ይሏቸዋል፤ በግራና በቀኝ የብረት እግር ያላቸው፣ እንደ ችግኝ በረድፍ የተተከሉ። አንድም ባዶ ቦታ የለም። ጠራሁትና «ይኸው፣ ሁሉም አሉ፤ የተነቀለች አንዲት የለችም» አልኩት።

«የሞቱ ቺፖች ተክተውበት ይሆናል።»

«ጅማ ላይ የሞተ ቺፕ ከየት ይመጣል? ኧረ በፈጠረዎ! ሐሙስ ገበያ ነው የሚሸጠው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ማሽኑ ግማሽ ነኝ ካለ ግማሽ ነው። ማሽን አይዋሽም።»

ያቺን ንግግር መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከሱ ወዲህ ስንት አፍ ላይ ሰማኋት!

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ወደ ጅሬን ወጣሁ። የሐጂ ባለቤት በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ዓይናቸው አብጧል። «ግቢ ልጄ። እህል አልቀምስም ብለዋል። እስቲ አንቺ ተናገሪያቸው» አሉኝ። ሐጂ መስገጃቸው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ የጠበቅሁት ቁጣ ነበር። እሳቸው ቢቆጡ እኔም አብሬ ተቆጥቼ፣ ተቆጣጣሪውንም ሥራ አስኪያጁንም አብረን ረግመን ልንገላገል ነበር አመጣጤ። አልተቆጡም።

«ኢንተላ ኮ፣ ያ ሜሞሪ የሚሉት ነገር ምን ያህላል?» አሉኝ።

«የአውራ ጣት ጥፍር ቢያህል ነው፣ ሐጂ።»

«ጥፍር ካከለማ…» ብለው አሰቡ። «ስጠርገው ወድቆ ይሆናል። ወይ ነፋስ ወስዶታል። ከቡናው ጋር ተቀላቅሎም ይሆናል፤ ያን ቡና ደግሞ ልከነዋል።»

«ሐጂ! ምንም አልወደቀም እኮ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሁሉም አለ።»

«ማሽኑ የለም ካለስ? እነሱ የተማሩ ናቸው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ዓይኔም ደክሟል። ሳስበው ሳስበው… አጥፍቻለሁ መሰለኝ። ምናልባት ከዚህ በፊትም ያጠፋሁት አለ፤ እስከ ዛሬ ያልታወቀብኝ።»

አንድ ጆንያ ከቦታው ፈቀቅ ቢል ከበር ላይ ሆነው የሚያውቁ ሰው፣ የአንድ መጋዘን ቡና ሲታመኑ የኖሩ ሰው፣ ግማሽ ነህ በተባሉ በማግሥቱ ግማሽ ሆነው ጠበቁኝ።

ነገሩን አውቀው ነበር፣ ለዚህ ነው ያመመኝ። አባቴ አንዲት ጠባብ የጨርቅ ሱቅ ስለነበረችው እኔ ቀበሌ ላይ «የንዑስ ከበርቴ ልጅ» ነበርኩ። ቃሉን መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ፤ ከበርቴ ብሆን ኖሮ ያቺን አንድ ቀሚስ ለምን እደጋግማለሁ! እያደር ግን ስብሰባ ላይ ልናገር እጄን አነሳና «አንቺ ንዑስ ነሽ እኮ» ብዬ ራሴው አወርደዋለሁ። የከለከለኝ ሰው የለም። ደጋግመው ሲነግሩህ ታምናለህ፣ ካመንህ በኋላ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነገርህን ሄደህ አታየውም።

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ተናደድኩ። «ሐጂ፣ እንዴት አድርገው እንደጠረጉት ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ምንም እንዳያስቀሩ!» ስላቸው ድምፄ ከፍ ብሎ ባለቤታቸው ብቅ ብለው አዩን።

ነገሩኝ። የናሙና ቡና ሳህን የሚጠረግበትን ደረቅ ብሩሽ ነው የወሰዱት። ይሰበራል ብለው ፈርተው ላይ ላዩን ነው ያባበሉት። «አንድ ጥግ ላይ ግን ሰማያዊ ነገር አለች፣ ጥቃቅን ነጭ ጥርስ ያላት። ጥርሶቿ መሃል የቡና ገለባ ገብቶ እምቢ አለኝ። እሷን ብቻ ፈተግኋት፣ ዋላሂ፣ ፈትጌ ፈትጌ እንደ መስታወት ነው ያደረግኋት።»

ጥቃቅን ነጭ ጥርስ!

ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። የጫማዬን ማሰሪያ እንኳ በወጉ ሳላስር ነው ቁልቁለቱን የወረድኩት። «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» የሚሉት የባለቤታቸው ድምፅ ከኋላዬ ይሰማኛል።

አዲስ አበባ ላይ አስተማሪያችን በጥድፊያ ተናግሮት ያለፈ ነገር ነበር። ያ ማሽን ሲነቃ ራሱን አያውቅም። ውስጡ ምን ያህል ሜሞሪ እንደተተከለ፣ ስንት ዲስኬት መክተቻ እንዳለው፣ ፊቱ የተቀመጠው ስክሪን ምን ዓይነት እንደሆነ አያውቅም። እና ውስጡ ካለው ትልቅ ሰሌዳ ጥግ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተደርድረውለታል። የገጠመው ሰው አንዳንዱን ወደ ላይ፣ አንዳንዱን ወደ ታች አድርጎ «አንተ እንዲህ ያለህ ነህ» ብሎ ይነግረዋል። ማሽኑ በነቃ ቁጥር መጀመሪያ እነሱን ያነባል፣ ያነበበውንም ያምናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ፕሮግራም ሁሉ የሚጠይቀው ማሽኑን ነው። እንግዲህ ተቆጣጣሪው ፕሮግራሙን ያምናል፣ ፕሮግራሙ ማሽኑን ያምናል፣ ማሽኑ ማብሪያዎቹን ያምናል። ማብሪያዎቹን ደግሞ ሐጂ በቡና ብሩሽ ፈትገዋቸዋል።

መሥሪያ ቤት ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ጅማ ነዋ! ጠዋት ስመጣም የለም። የኤሌክትሪኩን ቤት ዘመድ አዝማድ እያነሳሁ ስሳደብ ነው ያረፈድኩት። መብራቱ ሲመጣ ክዳኑን አንስቼ አጎንብሼ አየሁ። ሰማያዊዋ ነገር እውነትም ተወልውላ ታበራለች፤ ከነጮቹ ጥርሶች ግን አንዷ ከታሰበላት ቦታ ወዲያ ማዶ ተኝታለች። በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አደረግኋትና ማሽኑን አበራሁ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ያን ቀን የቆመበት ደረሰ። አለፈው። ሄደ፣ ሄደ፣ ሙሉ ሆኖ ቆመ።

እልል አልኩ። ሂሳብ ክፍል ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት። ሥራ አስኪያጁ ሮጦ መጣና «ማን አገባ?» አለ።

ተቆጣጣሪው ከደዶ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ሁሉንም አሳየሁት። ቁጥሩ ሙሉ ሲሆን ፊቱ ይፈካል ብዬ ነበር፤ ይልቁን ግንባሩ ተቋጠረ።

«ቆይ እስቲ። በእስክሪብቶ እንደፈለግሽ የምታናግሪው ከሆነ፣ አሁን እውነቱን መናገሩን በምን አውቃለሁ? አሁን ሙሉ በል ብለሽው ቢሆንስ?»

አልፈርድበትም። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ግን ከአፌ የሚወጣው የሐጂን በር ወይ ይከፍተዋል ወይ ይዘጋዋል። ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ማሽኑን አጠፋሁና ጥርሶቹን እንደገና ነካካሁ። አሁን የነገርኩት ሙሉ ነህ ብዬ አይደለም፣ ከሙሉም በላይ አለህ ብዬ ነው። አበራሁት። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ እውነተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ተገታ፤ ማሽኑ ጮኸ፤ ስክሪኑ ላይ የስሕተት ቁጥር ጻፈ።

«አዩ?» አልኩት። «ያንሳል ሲሉት አሜን ብሎ ይቀበላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ክፍል አያንኳኳም፤ ሰው ይኑርበት አይኑርበት ግዱ አይደለም። አለህ ካሉት ግን እያንዳንዱን በር ያንኳኳል። አንድ ነገር ይጽፍበትና መልሶ ያነበዋል። አቤት ያለው አለ፣ ዝም ያለው የለም። ስለዚህ ሙሉ ነህ ብለነው ሳይጮህ ቆጥሮ ከጨረሰ ሁሉም አቤት ብለዋል ማለት ነው። የሞተ ቺፕ አቤት አይልም።»

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶዬን ተቀበለኝና ራሱ ሞከረው። ቀነሰው፣ ማሽኑ ቀንሶ አመነ። ሙሉ አደረገው፣ ማሽኑ ሳይጮህ ቆጠረ። ጨመረበት፣ ጮኸ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

«ፀሐይ ላሙቀው ብለው!» አለ፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋ። «እኔስ ምን ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው?»

እሱም የሚፈራው አለቃ ነበረው። ያኔ የማይፈራ አልነበረም። «ማሽኑ ስለ ራሱ የተሳሳተ ነገር ተነግሮት ነበር ብለው ይጻፉ» አልኩት። ምን ብሎ እንደጻፈ አላውቅም። ብቻ ሐጂ ነጻ ናቸው ተባለ፤ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ጅሬን ተልኮ ይዟቸው መጣ።

ሁላችንም ግቢው ውስጥ ቆመን ጠበቅናቸው። ሥራ አስኪያጁ ጨበጣቸው። ተቆጣጣሪው «ይቅርታ አባባ» አላቸው፤ ከወጉ አይጓደል። እኔ ጠፍሩን ከአንገቴ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ያችን ቅጽበት ነበር ስጠብቅ የሰነበትኩት። ሐጂ ቁልፉን አዩት። እጃቸው አልመጣም።

«አንቺ ጋ ይቆይ» አሉ።

«እንዴት ሐጂ? አለቀ እኮ! ምንም አላጠፉም!»

«ሌባ አይደለህም አላችሁኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን እነሱ ብቻ አይደሉም የጠረጠሩኝ፤ እኔም አጥፍቻለሁ ብዬ ነበር። ራሱን እንዲህ በቀላሉ የሚክድ ሰው ቁልፍ እንዴት ይይዛል?»

ተቆጣሁ፣ ለመንሁ፣ በባለቤታቸው አስለመንሁ። እምቢ አሉ። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ እኔ እከፍታለሁ፣ እሳቸው ይገባሉ። የዚያ ዓመት ቡና ደረሰ፣ ተለቀመ፣ ተጫነ፤ ማሽኑ የሰርቦንና የደዶን ኪሎ አንድም ሳይሳሳት ደመረልኝ። ለሱ የእስክሪብቶ ጫፍ በቃው። ሐጂ ግን መጋዘናቸው ውስጥ እንደ እንግዳ ነበሩ። ጆንያ ሲቆጠር ሌላ ሰው ደግሞ ይቁጠረው ይላሉ። ሚዛን ሲነበብ ዘወር ይላሉ። ማብሪያቸው የት ጋ እንዳለ ዙሪያቸውን ብዞር ላገኘው አልቻልኩም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኝ ነበር፣ ያናድደኝም ነበር።

ክረምቱ ዞሮ መጣ። ነሐሴ ላይ፣ ሰሚ እስኪሰለቸው ከዘነበ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ሰማዩ ፈካ። ሐጂ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«ኢንተላ ኮ፣ ፀሐይ ወጥታለች።»

«አየሁ ሐጂ። መጥቼ ልክፈትልዎ?»

ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም፤ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ማሽን ላይ ነበር። ብዙ ካዩት በኋላ ቀስ ብለው «እሱስ? ዘንድሮ አይሞቅም?» አሉ።

ከአዲስ አበባ ጥብቅ ትእዛዝ መጥቶ ነበር፤ ያ ክዳን ያለ ፈቃድ እንዳይከፈት። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ፊርማችንን ተቀብሎበታል። መሳቢያዬን ሳብኩና ካቻቢቴውን አወጣሁ።

«ይሞቃል እንጂ! ለምን አይሞቅም?»

ክዳኑን እሳቸው ያዙ፣ እኔ ማሽኑን በሁለት እጄ ታቅፌ ጭቃውን እየዘለልኩ ተከተልኳቸው። ሲያዩት ትንሽ ነው እንጂ ድንጋይ ነው። መጋዘኑ በር ጋ ስንደርስ ተዘግቷል፤ ቁልፉ ደግሞ አንገቴ ላይ ነው፣ እጆቼ ሙሉ ናቸው።

«ሐጂ፣ ቁልፉን ያውጡታ!»

ቆሙ።

«ሐጂ፣ ክንዴ ሊገነጠል ነው! ልጣለው?»

ክዳኑን ሣሩ ላይ አስቀመጡ። አንገቴን ዝቅ አደረግሁላቸው፤ ጠፍሩን ቀስ ብለው ከራሴ በላይ አወጡት። ከነዚያ ሁሉ ቁልፎች መካከል ትክክለኛውን ሳያዩ በጣታቸው ለይተው በሩን ወለል አደረጉት። መልሰው አንገቴ ላይ ያጠልቁታል ብዬ ጎንበስ እንዳልኩ ጠበቅሁ። ቀና ስል ጠፍሩ የሳቸው አንገት ላይ ነው፤ ኮፊያቸውን እያስተካከሉ ነበር።

ማሽኑን አልጋው ላይ፣ ከቡናው ጎን አስቀመጥነው። ሐጂ ገብተው ያንን ደረቅ ብሩሽ ይዘው መጡ፣ አገላብጠው አዩትና ወደኔ ዘረጉት።

«ብሩሹን ግን አንቺ ያዢው» አሉ።